በግራ በኩል የምትወድቅ ጥንግ

ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ጠማማ ምት የማቃና እንደ እኔ ያለ ሰው የለም። የተማረም ይሁን ያልተማረ፣ የሚጠራጠር ካለ ዱላውን ይዞ ይምጣና ይሞክረኝ። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ብተወውም የገና መቺ ዱላውን እንዴት እንደሚይዝ፣ ወገቡን መቼ እንደሚያዞር፣ ጥንጓ ለምን ወደ ግራ እንደምትታጠፍ በደንብ አውቃለሁ። የታላቅ እህቴ የያምሮት ፍቅርም የተቃናው በዚሁ በእኔ እውቀት ነው።

እውቀቱ ከየት መጣ ለምትሉ፣ ቡሬ መናኸሪያው ጀርባ ካለው የእትዬ ዓባይነሽ ሆቴል ብርጭቆ አጣቢ ነኝ። ሆቴሉ ዲሽ አለው። ቅዳሜ ቅዳሜ ወንዶቹ የእንግሊዝ ኳስ ለማየት ተጋፍተው እስኪገቡ ድረስ ቴሌቪዥኑ ጎልፍ የሚባል የፈረንጅ ጨዋታ ያሳያል። ቀድሞ የመጣ ሰው ሁሉ “ይሄ ደግሞ ሣር ላይ መንሸራሸር ነው” ብሎ ጀርባውን ይሰጠዋል። እኔ ብርጭቆዬን እያጠብኩ አየዋለሁ። ቋንቋውን አልሰማም፤ የእጅ ነገር ግን ቋንቋ አይፈልግም። ኳሷ ስትጣመምባቸው ያንኑ ምት ቀስ አድርገው ይመልሱታል፣ ጣቶቹ ላይ ክብ ያሰምሩና ጥፋቱን ያሳያሉ። እያየሁ እያየሁ ሳለ አንድ ቀን፣ እንዴ፣ ይሄ እኮ የእኛ ገና ነው አልኩ። የእኛ ዱላ ጫፉ ይበልጥ ቆልመም ይላል፣ ጥንጋችን እንጨት ናት፣ ሜዳውን የምናጭደው በከብት ነው። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ሁሉ ሰው ስለ ሚሌኒየም በሚያወራበት በዚያ ዓመት የነቢያት ጾም ገባ። በጾም ሆቴል ሥጋ አይሸጥም፣ ገበያው ይቀዘቅዛል፣ እትዬ ዓባይነሽም እስከ ገና ድረስ እናትሽን አግዢ ብለው ሸኙኝ።

ቤታችን ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ ላይ ሰፈርንና ታች ሰፈርን ከሚለየው ትልቅ መስክ ዳር ነው። ታኅሣሥ ሲገባ ጎረምሶቹ አመሻሽ ላይ እዚያ ይለማመዳሉ። ታች ሰፈሮች ጥንጓን ከዋርካው ካሳለፉ ያሸንፋሉ፣ እኛ ላይ ሰፈሮች ደግሞ ከወንዙ ካሻገርን። ለታች ሰፈር መቺ ዋርካው ፊት ለፊቱ ነው። በግራው ያለው የእኛ የቅንጭብ አጥር ነው።

የታች ሰፈር ትልቁ መቺ እንዳለው ይባላል። ትከሻው እንደ በር የሰፋ፣ ሲስቅ ግን አፉን በእጁ የሚሸፍን ልጅ ነው። እንደ እሱ አርቆ የሚመታ የለም። ችግሩ ሌላ ነው። ጥንጓ ከዱላው ስትለይ ዋርካውን እያየች ትሄድና መሃል መንገድ ላይ ሐሳቧን ትቀይራለች፤ ወደ ግራ ትታጠፍና ከእኛ አጥር ትገባለች። ሁልጊዜ። ልጆቹ “የአጥር አማች” የሚል ስም አውጥተውለታል።

አጥር የገባችውን ጥንግ የምታወጣት ያምሮት ናት። በቅንጭቡ ክፍተት እጇን አውጥታ ትሰጠዋለች፣ አመሰግናለሁ ይላታል፣ ምንም አይደል ትለዋለች። ጣታቸው ሲነካካ እንኳ አላየሁም። ብቻ ጥንጓ እህቴ እጅ ላይ ትንሽ ቆይታ ነው የምትወጣው። እሱም ከተቀበለ በኋላ የመጣበትን ይረሳና ዱላውን ሜዳ ላይ ትቶ ይሄዳል፤ ጓደኞቹ ናቸው የሚያነሱለት። እኔ ታዲያ ምስኪን፣ በምቱ እያፈረ ነው አልኩ።

ከዚያች ክፍተት ያለፈ ነገር እንዳይነጋገሩ የሚከለክላቸው አለ። በሰማንያ ዘጠኙ የመሬት ሽግሽግ ከወንዙ ማዶ ያለው የአባዬ ማሳ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ያን ቀን የመለኪያውን ገመድ ጫፍ ይዘው የታዩት የእንዳለው አባት አያ ንብረት ናቸው። ከዚያ ወዲህ አባዬና አያ ንብረት በአንድ ደብር እያስቀደሱ፣ በአንድ መንገድ እየተመለሱ፣ አንድ ቀን ሰላም ተባብለው አያውቁም። የእኛ ቤት ሰው ስማቸውን ሲጠራ አባዬ ጋቢያቸውን ሰብስበው ይነሳሉ።

አንድ አመሻሽ እንጨት ለቅሜ ስመለስ እንዳለውን ብቻውን ሲመታ አገኘሁት።

“ጥፋቱ ከእጅህ ነው” አልኩት።

“ደህና አመሸሽ ባንቺ” አለኝ፣ በስሜ ጠርቶ።

“ቀኝ እጅህ ከዱላው ሥር ገብቶ አቅፎታል። ስትመታ እጅህ ይገለበጣል፣ እሱ ሲገለበጥ የዱላው ቆልማማ ጫፍ ይገለበጣል። ጥንጓ ምን ታድርግ?”

“ማን አስተማረሽ?”

“ቴሌቪዥን።”

አፉን ሸፍኖ ሳቀ። ከዚያ ወደ አጥራችን አየት አደረገና ተይው፣ እንዲሁ ይሻለኛል አለ። ተስፋ የቆረጠ መሰለኝ፤ እኔ ደግሞ ተስፋ የቆረጠ ሰው አልወድም። ስለዚህ ቤት የሰማሁትን ነገርኩት። የቡሬው በርበሬ ነጋዴ፣ ባለ አይሱዙው ሃይለ ሚካኤል፣ ያምሮትን ሊያገባ ሽማግሌ ልኳል። አባዬ እሷን ጠይቀው መልሱን ለገና ዕለት ቀጥረዋል።

እንዳለው ዱላውን መሬት ላይ ተክሎ ተደገፈበት። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ የት እንደገባ አላየሁም።

ያን ጊዜ ነው እህቴን እንደሚወዳት የገባኝና ዘዴው የመጣልኝ። በእኛ አገር ያሸነፈው ወገን እየዘፈነ ከተሸናፊው ሰፈር ትልቅ ሰው ደጅ ይገባል። ከፊት የሚመራው ጥንጓን ያሳለፋት መቺ ነው። ባለቤቱ ማብላት፣ ማጠጣት አለበት፤ ቂም ያለው ሰው ለዚያች ቀን ቂሙን ከበር ውጭ ያስቀምጣል። የላይ ሰፈር ትልቅ ሰው ደግሞ አባዬ ናቸው። እጃቸው ያበላውን ሰው ሽማግሌ ሳይሰሙ መመለስ ነውር ነው፤ አባዬን የሚያህል ነውር ፈሪ በአገሩ የለም። ይህን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ ነገርኩትና፣ “ለዚህ ግን ምትህ ቀጥ ማለት አለበት” አልኩት።

ዋርካውን አየ። አጥሩን አየ። ረዥም ጊዜ አጥሩን አየ።

“አሳዪኝ” አለኝ፣ ድምፁ ከደረቱ ሥር የወጣ ይመስል ነበር።

አሳየሁት። ቀኝ እጁን ከሥር አውጥቶ ወደ ላይ እንዲያመጣ፣ አውራ ጣቱ በዱላው ጀርባ ላይ እንዲተኛ አደረግኩ። የግራ እጁን ሲያይ ሁለት አንጓ ብቻ እንዲታየው፣ አራቱም ከታዩት አያያዙ እንደተበላሸ ነገርኩት። ደግሞ ጨምቆ ነው የሚይዘው፣ ክንዱ እንደ ሞፈር ይደርቃል። ላም ስታልብ ጡቷን እንደምትይዘው ያዝ አልኩት፤ አታመልጥህም፣ አታሳምማትም። ይህችን ወዲያው ገባችው።

የባሰው አመታቱ ነበር። ዱላውን በወገቡ ዙሪያ አምጥቶ እጁን ብቻ ያስቸኩለዋል፣ ወገቡ የተተከለ ግንድ ነው። ወገብህ ከእጅህ ቀድሞ ይዙር፣ መትተህ ስትጨርስ ደረትህ ዋርካውን ይይ አልኩት። መጀመሪያ አካባቢ ጥንጓን ትቶ መሬቱን አረሰው። ቀጥሎ ወደ ቀኝ ላካት፣ ከጎረቤት ጤፍ ክምር ውስጥ ፈለግናት። አንድ ቀን ግን ጥንጓ ከዱላው ተነሳች፣ ሄደች፣ ሄደች፣ ሐሳቧን ሳትቀይር ከዋርካው ጀርባ ወደቀች። የታች ሰፈር ልጆች በፉጨት አቀለጡት። እንዳለው ግን አልዘለለም፣ አልጨፈረም። ጥንጓን ሊያመጣ ሲሄድ በአጥራችን በኩል ዞሮ አለፈ። ያምሮት ግቢ እየጠረገች ነበር፤ ቀና ብላ አየችው፣ አያትና ፈጠን ብሎ ሄደ።

ለእሷ እንዳልነግራት አስምሎኛል። ካልተሳካልኝ ሁለት ጊዜ ልቧን መስበር ይሆናል አለኝ። እኔም አፌን ዘጋሁ፤ ለእኔ አፍ መዝጋት ምን ያህል ሥራ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል።

ከዚያ በኋላ ጥንጓ ወደ ግቢያችን መጥታ አታውቅም። ያምሮት ደግሞ አመሻሽ ላይ ግቢ መጥረግ አበዛች። የተጠረገውን መልሳ ትጠርጋለች። መስኩ ላይ የዱላ ድምፅ ሲሰማ መጥረጊያዋ ይቆማል፤ ድምፁ ርቆ ሲሄድ መጥረጊያዋ ቀስ ብሎ ይቀጥላል። እማዬ ይቺ ልጅ ምን ነካት፣ መሬቱን ልትጨርሰው ነው እኮ ትላለች። እኔ ለበዓሉ እየተዘጋጀች ነው ብዬ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ቴሌቪዥኑ መልሶ አያሳይም።

የገና ዕለት ወደ አሥር ሰዓት ገደማ የሃይለ ሚካኤል ሽማግሎች እንኳን አደረሳችሁ ብለው ገቡ፣ ከግቢያችን ጥላ ሥር ተቀመጡ። ያምሮት ጓዳ ውስጥ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ከግድግዳው ጋር ትነጋገር ይመስል ፊቷን አዙራ ቆማለች። ለአባዬ ምን አልሻቸው ብዬ ጠየቅኳት።

“እንዳሉ አልኳቸው።”

“እንዳሉ ምን ማለት ነው? እሺ ነው?”

“ምን ልበል? የምጠብቀው ነገር ቀርቷል።” ዞር አለች። ዓይኗ ደረቅ ነበር፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። “ጥንጓ መምጣቷን ተወች ባንቺ። በፊት ወደ እኔ የሚመታት ይመስለኝ ነበር። የነጋዴውን ወሬ ሲሰማ ጊዜ ወደ ሌላ መምታት ጀመረ። በአጥሬ ሲያልፍ እንኳ ቆም አላለም። ሰው ሳይናገር እንዴት እንደሚሰናበት አየሁ።”

“እኔ እኮ ነኝ ያቃናሁት” አልኳት። “ምቱን። እኔ ነኝ።”

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት እጇን ከግድግዳው ላይ አንስታ ደረቷ ላይ አደረገችው፤ ልትመታኝ ይሁን ልታቅፈኝ ሳይለይ እማዬ ከውጭ ጠላ አምጡ ብላ ተጣራች። ያምሮት ማንቆርቆሪያውን ይዛ ወጣች። ጀርባዋን ሳየው፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የማላቃናው ነገር ያለ መሰለኝ።

መሰለኝ አልኩ እንጂ ተቀመጥኩ አላልኩም። በጓሮ በር ወጥቼ ወደ መስኩ ሮጥኩ።

ጨዋታው ተጋግሏል። አገሩ ሁሉ ከዳር ቆሟል፣ ሴቶቹ ይዘፍናሉ፣ ዱላ ከዱላ ይጋጫል፣ አቧራው ከሰው በላይ ነው። ፀሐይ ዘቅዝቃለች፣ ከሁለቱም ወገን ያሳለፈ የለም። በዚያች ደቂቃ ጥንጓ ከትርምሱ ሾልካ ወጣችና እንዳለው እግር ሥር ቆመች። ከፊቱ ማንም የለም፤ ዋርካው ብቻ።

ቀጥ አድርጎ ከመታት በበር ይገባል። ግን ሽማግሎቹ አሁን ጠላ እየጠጡ ነው፤ ዘፈኑ ደጃችን እስኪደርስ እሺታው ይነገራል፣ እሷም ምቱን ለምን እንዳቃናው ሳታውቅ ዝም ትላለች። ወደ ግራ ከመታት ጨዋታውን ያጣል፤ እሷ ግን ትሰማለች።

“እንዳለው!” ብዬ ጮህኩ። “እንደ ድሮው ያዝ! ቀኝ እጅህን ወደ ሥር! ወደ እኛ ምታ!”

ቀና አለ። ራሱን ነቀነቀ፣ በዓይኔ አየሁት። ዱላውን አነሳ።

ጥንጓ ዋርካውን እያየች ሄደች። የታች ሰፈር ሰው እልል ሊል አፉን ከፍቷል። መሃል መንገድ ላይ ሐሳቧን ቀየረች። ወደ ግራ ታጠፈች፣ አጥራችንን በላዩ ዘለለችና ከግቢያችን ወደቀች።

ያንን ያየችው እማዬ ናት። ጥንጓ ከሽማግሎቹ መሃል ወድቃ አንዱን ብርጭቆ ገለበጠች፣ ነጥራም ያምሮት እግር ሥር ቆመች አለችኝ። ያምሮት ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠች። ጥንጓን አነሳች። አባዬ ሊሰጧት የሚፈልጉትን ሰው እያወሩ ነበር፤ እሷ ግን በአጥሩ ክፍተት አልሄደችም። በትልቁ በር ወጣች።

እኔ ያየሁት ከዚህ ጀምሮ ነው። እህቴ በነጭ ቀሚስ መስኩን ስታቋርጥ ዘፋኞቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። በጨዋታው መሃል ሴት ልጅ የገና ሜዳ ገብታ አታውቅም። ጎረምሶቹ ዱላቸውን ዝቅ አድርገው መንገድ ለቀቁላት። እንዳለው አቧራ እንደለበሰ ቆሟል።

“ለምን ተውከው?” አለችው።

“ምኑን?”

“ወደ እኛ መምታቱን።”

“በአጥር መቀበል ሰልችቶኝ ነው” አላት። “አሸንፌ በበር ልገባ ፈልጌ። አባትሽ ፊት ቀና ብዬ ልቀመጥ።”

“እኔ የተውከኝ መስሎኝ ለአባዬ እሺ አልኩ።” ድምፅዋ እዚህ ላይ ተሰበረ፣ ግን አልቆመችም። “ዛሬ ስትጠራኝ ደግሞ ይኸው መጣሁ። አገር እያየኝ መጣሁ። ወይ ተቀበለኝ ወይ እዚሁ ጥያት ልመለስ።”

እንዳለው ጥንጓን አየ። ከዚያ ጥንጓን ከነእጇ ያዛት። ሁለቱም መልቀቅ ጠፋቸው። አጠገቤ የነበሩ አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ፤ እኔ አላለቀስኩም፣ አቧራ ነበር።

አባዬ ከኋላዋ ደረሱ። ከዘራቸውን እያስቀደሙ ቀስ ብለው ነው የመጡት፣ ሽማግሎቹ ከበሩ ላይ ቆመው ያያሉ። ከታች ሰፈር ሰው መሃልም አያ ንብረት ወጥተው ከልጃቸው ጎን ቆሙ። ሁለቱ ሰዎች ተያዩ።

“ንብረት” አሉ አባዬ። ያን ስም ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። “ልጅህ እንግዶቼ መሃል ጥንግ ጣለ።”

“አይተናል” አሉ አያ ንብረት።

“ይቅርታ የሚጠይቅልህ ሽማግሌ የለህም?”

አያ ንብረት ቆባቸውን አወለቁ። ቀስ ብለው፣ “ለየትኛው ጥፋት ነው የምልከው?” አሉ።

አባዬ ወደ ወንዙ ማዶ፣ ወደዚያ ማሳ አዩ። ከዚያ የተያያዙትን እጆች አዩ። ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

“ሲመጡ እነግራቸዋለሁ” አሉ። “ከጥምቀት በፊት ይምጡ።”

የበሩ ላይ እንግዶች መልስ የሚጠይቁት ነገር ስላልቀራቸው ጋቢያቸውን አስተካክለው መንገድ ገቡ። እማዬ ከግቢ ውስጥ እልል አለች። ያምሮት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ እያለቀሰች መሰለኝ፣ ጠጋ ብዬ ሳይ ትስቃለች።

ጨዋታው ያለ አሸናፊ ቀረ። የታች ሰፈር ልጆች እያጉረመረሙ ወደ ወንዙ ወረዱ፣ እማዬ ያምሮትን ይዛት ገባች። እንዳለው መስኩ ላይ ዱላውን ይፈልጋል። ዱላው የወደቀበትን አይቼ ነበርና አንስቼ አቀበልኩት፣ ምስጋናዬንም ልወስድ ፊቱ ቆምኩ።

“አየህ አይደል?” አልኩት። “ማቃናትም እችላለሁ፣ ማጣመምም እችላለሁ። እንደ ድሮው ያዝ ባልልህ ኖሮ ዛሬ ምን ይውጥህ ነበር?”

“ምን አልሽኝ?”

“ስጮህልህ አልሰማኸኝም እንዴ? ራስህን ነቀነቅክ እኮ።”

“ላብ ዓይኔ ገብቶ ነው ያራገፍኩት።” ዞር ዞር ብሎ ያምሮት በበሩ መግባቷን አረጋገጠ፣ ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። “ባንቺ፣ አንቺ እንዳሳየሽኝ ይዤ ዋርካውን ነው የመታሁት። ሳትኩ።”